ጾመኛው አንጀት፦ ለጤና ሳይንስ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቻችሁን ለዚህ ቀን ያበቃችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ አደረሳችሁ።

በምረቃ ቀን ስለ ትጋትና ስለ ሙያ ሥነ ምግባር መናገር የተለመደ ነው፤ ከእኔ በፊት የተናገሩት በሚገባ አድርሰውታል። እኔ ግን በመጀመሪያው ዓመት የአናቶሚ ክፍል አብረን ስላነበነብናቸው ስሞች ሳልናገር ብንለያይ ቅር ይለኛል።

ስለ ትንሹ አንጀት ስጠይቃችሁ «ዱዎዲነም፣ ጄጁነም፣ ኢሊየም» እያላችሁ እንደ ዳዊት በቃላችሁ ትወጡት ነበር። እኔም በተማሪነቴ እንዲሁ ነበርኩ፤ ትርጉሙን የነገረኝ የለም፣ ለመጠየቅም አልደፈርኩም። ዱዎዲነም «12» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ መሆኑን ያወቅሁት አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። የጥንት ግሪኮች ርዝመቱን በጣት ለክተው፣ 12 ጣት ጎን ለጎን ቢደረደር የሚያህል ሆኖ ስላገኙት በዚያው ጠሩት፤ የላቲኑ ስም የእነሱ ቃል ትርጉም ነው፤ በዛሬው መለኪያ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጄጁነም ደግሞ ጾመኛ ማለት ነው፤ አስከሬን ሲከፍቱ ይህን ክፍል ባዶውን ስለሚያገኙት። ሑዳዴን ወይም ረመዳንን እየጾመ ያደገ ልጅ ይህን አንድ ጊዜ ከሰማ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። እኛ ግን ነፍገነው ሽምደዳ ሰጠነው።

እነዚህን ስሞች ያወጡ ሰዎች እንደ ድግምት ሊያስፈሩን አስበው አላወጧቸውም፤ በዓይናቸው ያዩትን በገበያና በቤት በሚናገሩበት ቃል ጠሩት እንጂ። በሮማውያን ቋንቋ ቲቢያ የቅልጥም አጥንትም ዋሽንትም ነው፤ ዋሽንት ከእንስሳት አጥንት ይሠራ ነበርና። በውስጠኛው ጆሮ ያለው ኮክሊያ ቀንድ አውጣ ነው፤ ጥምዝምዙን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ከአንጎል ግርጌ ተነሥቶ በአንገት፣ በልብና በሳንባ በኩል እስከ ሆድ የሚወርደውን ነርቭም ቬገስ፣ ማለትም ተንከራታች አሉት።

ከብዙ ዓመታት በፊት በሕፃናት ክፍል ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ዐሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ በስኳር በሽታ ራሱን ስቶ መጥቶ፣ ነቅቶ ተኝቷል። እናቱ ከጣና ዳርቻ የመጡ ሴት ነበሩ፤ ነጠላቸውን አገልድመው ከአልጋው ራስጌ ቆመዋል። ወጣቱ ሐኪም «የልጅዎ ፓንክሪያስ ኢንሱሊን ማምረት አቁሟል» አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ ሲወጣ የጋውኔን እጅጌ ያዙና በሹክሹክታ «ወንድሜ፣ ያ ፓንክሪያስ ያሉት ትል በኮሶ አይወጣም ወይ?» አሉኝ።

«ቆሽት ማለት ነው፣ እናቴ» አልኳቸው። እጃቸው ከእጅጌዬ ላይ ላላ። «ቆሽቴ ያረረው የእኔ፣ የታመመው የእሱ!» ብለው አለቀሱ። ከዚያ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። በ1869 ላንገርሃንስ የተባለ ጀርመናዊ፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ቆሽትን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ተበታትነው የተቀመጡ ጥቃቅን ክምችቶች አየ፤ ኋላ ደሴቶች ተባሉ፤ ኢንሱሊንም ስሙን ያገኘው ከላቲኑ ደሴት ነው። ለእናትየው የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፦ በልጅዎ ቆሽት ውስጥ እንደ ጣና ደሴቶች የተበተኑ፣ ስኳርን የሚገራ ፈሳሽ የሚያፈልቁ አሉ፤ እነሱ ነጥፈዋል፤ መርፌው በእነሱ ፈንታ ነው። ጥቂት አሰቡና «ላም ስትነጥፍ ወተት ከጎረቤት ይመጣል፤ እንግዲህ በየቀኑ ነዋ!» አሉ። ከሦስት ቀን በኋላ መርፌውን በገዛ እጃቸው ሲወጉት አየሁ።

ያ ሐኪም አላዋቂ አልነበረም። ፓንክሪያስን ከእኔ አሳምሮ ያውቃል፤ ቆሽት የሚለውንም ቃል እናቱ ሲናደዱ ሰምቶ አድጓል። ሁለቱን ያገናኘለት ግን የለም፤ ያላገናኘነው እኛ መምህራኑ ነን! ሕመምተኛ የማይገባውን ቃል አልጋው ላይ ጥሎ መሄድ ዕውቀት አይደለም፤ በደል ነው! በአማርኛ ሲናገሩት ማዕረጉ የሚቀንስ የሚመስለው ባለሙያ ካለ፣ ማዕረጉ ቀድሞውንም አልነበረውም!

ፋርማሲ የተማራችሁ፣ የዕፅዋቱም ነገር ያው ነው። ኢራግሮስቲስ ጤፍ፣ አፍራሞመም ኮሮሪማ ስትሉ የስሙ መጨረሻ ከገበሬያችን አፍ የተወሰደ ነው። ቡናን ግን ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 ከዐረብ አገር በሚያውቀው መሠረት ኮፊያ አራቢካ አለው፤ የትውልድ ደኑ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው። የሳይንሱ ደንብ ቀድሞ የወጣን ስም ስለሚያጸና አንለውጠውም፤ ታሪኩን ከማስተማር ግን የከለከለን የለም።

በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የአካል ክፍሎችን ስሞች ትርጉም በአማርኛ ጽፌ ያባዛሁት ጥራዝ አለ፤ እየወጣችሁ አንዳንድ ውሰዱ። አቻ ቃል ያላገኘሁላቸውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። በምትመደቡባቸው ወረዳዎች አዋላጆችን፣ ወጌሻዎችን፣ በግ የሚያርዱ አባቶችን ጠይቃችሁ በእርሳስ ሙሉልኝ፤ ስትመለሱም አምጡልኝ። አመሰግናለሁ።