የዶሮ በርሜል በገና ዋዜማ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ሻይ ይዣለሁ፤ ፉት ስል ከተሰማችሁ ይቅርታ።

ጃፓን፣ ናጎያ ከተማ ተማሪ ነበርኩ። በመጀመሪያው ዓመት ዲሴምበር 24 አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ስሄድ ረጅም ሰልፍ አየሁ። ልማድ ሆኖብኝ ታክሲ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ኬንታኪ ነው። ጃፓኖች ኬኤፍሲን፣ የአሜሪካኖቹን የተጠበሰ ዶሮ ቤት፣ እንደዚያ ነው የሚሉት። በሩ ላይ የቆመው የመሥራቹ የኮሎኔል ሳንደርስ ሐውልት ቀይ ልብስና ቀይ ቆብ አጥልቋል። ነጭ ጢሙ የራሱ ስለሆነ የገና አባት ለመምሰል ብዙም አልተቸገረም።

ለዚህ ዶሮ ሰው ከሳምንታት በፊት ነው ትእዛዝ የሚሰጠው። ክርስቲያኑ ግን ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ገናም የሥራ ቀን ነው።

ታዲያ ከየት መጣ? ኬንታኪ ጃፓን የገባው በፈረንጆቹ 1970 ነው። የመጀመሪያው ሱቅ የተከፈተው እዚያው ናጎያ ሲሆን ሥራ አስኪያጁ ታኬሺ ኦካዋራ ይባላሉ። ገበያ አልነበረም። በኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ የገና አባት መስለው ለሕፃናት ዶሮ ይዘው ሄዱ፤ ልጆቹ ወደዱት። ከዚያ ቴሌቪዥን ጣቢያ መጥቶ «ፈረንጆች ለገና ዶሮ ይበላሉ እንዴ?» ሲላቸው፣ አዎ አሉ። እንዳልሆነ እያወቁ! ኩባንያው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው የሚያወራው፤ ተርኪ፣ ማለትም ፈረንጆች ለገና የሚበሉትን ትልቅ ወፍ፣ ያጣ የውጭ አገር ሰው ዶሮ ሊገዛ ሲመጣ ሐሳቡ ተወለደ ይላል። እኔ የኦካዋራን ነው የምወደው። ብቻ በ1974 «ለገና ኬንታኪ» የሚለው ማስታወቂያ አገሩን አዳረሰ። በጃፓን ቤቶች ትልቅ ኦቨን ብዙም የለ፣ ተርኪ እንደ ልብ አይገኝ፣ ለቀኑም ከድሮ የመጣ የራሱ ምግብ አልነበረው።

ስሰማ ሳቅኩ። የማስታወቂያ በዓል! እኛ ዶሮ ስንሠራ 12 ብልት ቆጥረን፣ ሽንኩርቱን ስናቁላላ ውለን... ብዬ ተመጻደቅኩ።

በዚያው ማታ አከራዬ ራት ጠሩኝ። ስድሳ የሚጠጋቸው ሴት ናቸው። በርሜሉ ተከፈተ፤ አዎ፣ በርሜል ነው የሚሉት። ሽታው ቤቱን ሞላው። ቀኑ ደግሞ በእኛ ታኅሣሥ 15፣ ጾመ ነቢያት ነው። በዚያ በተሰባበረ ጃፓንኛዬ «ክርስቲያን ስለሆንኩ የገና ዶሮ አልበላም» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። እንጆሪ ጣል ጣል ያለበት ነጭ ኬክ መጣ፤ ክሬም ነው፣ እሱም ቀረ። መንደሪን ልጬ በላሁ።

ሴትዮዋ ከሁሉ በፊት አንድ ታፋ አንስተው ቡትሱዳኑ ፊት አስቀመጡ። ለሞቱ ዘመዶች መታሰቢያ የሚሆን ትንሽ ቁምሳጥን ነው። አባታቸው በልጅነታቸው፣ ገና ዋዜማ ከሥራ ሲመለሱ በርሜሉን በብርዱ አቅፈው ይመጡ ነበር አሉኝ። የካፖርታቸው ሽታ ራሱ ዶሮ ዶሮ ይል ነበር። እንኳን ልስቅ፣ ቀና ብዬ ማየትም አቃተኝ።

ስወጣ «የእናንተስ መቼ ነው?» አሉኝ። ጃንዋሪ 7 አልኳቸው።

ጃንዋሪ 7 ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ለካ ሁለት ብልት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠውልኝ ኖሯል። አሙቀው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። ታፋውን መጀመሪያ በላሁ።