በሕግ የሰፈረ አድልዎ፦ ሜክሲኳውያን በአሜሪካ እርሻዎች

[ምስል፦ በካሊፎርኒያ የሰላጣ ማሳ ላይ አጎንብሰው የሚሠሩ ሰዎች]

በአሜሪካ የሚኖሩ የሜክሲኮ ስደተኞች ስለሚደርስባቸው በደል ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ስድቡና ንቀቱ ነው። እኛ ግን የምንመለከተው በሕግና በሥራ ውል ላይ የሰፈረውን አድልዎ ነው፤ እስከ ዛሬ ከሠራተኛው ኪስ ገንዘብ እየቀነሰ ያለው እርሱ ነውና።

በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ የኢሚግሬሽን መኮንኖች በሎስ አንጀለስ ላ ፕላሲታ የተባለውን አደባባይ ከበው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን «የመኖሪያ ወረቀታችሁን አሳዩ» አሏቸው። በእነዚያ ዓመታት በግዳጅም በማስፈራራትም ወደ ሜክሲኮ ከተላኩት መካከል ብዙዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ካሊፎርኒያ ለዚህ በሕግ ይቅርታ የጠየቀችው በ2005 ነው።

[ምስል፦ በድንበር መቀበያ ጣቢያ የተሰለፉ ወንዶች]

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰው ኃይል ሲያሳጣ በ1942 ሁለቱ መንግሥታት የሜክሲኮ ሠራተኞችን በጊዜያዊ ውል ወደ አሜሪካ የሚያስገባውን «ብራሴሮ» የተባለ ስምምነት ተፈራረሙ፤ እስከ 1964 ድረስም 4.6 ሚሊዮን ያህል የሥራ ውሎች ተፈጸሙ። ውሉ መኖሪያና ተመጣጣኝ ደመወዝ ቢያረጋግጥም ሠራተኛውን ከቀጣሪው ጋር ያሰረ በመሆኑ፣ አቤት ያለ ሰው ወደ አገሩ የመመለስ ስጋት ነበረበት። በመቀበያ ጣቢያዎች ወንዶቹን ልብስ አስወልቀው ዲዲቲ ይረጩባቸው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለቁጠባ ተብሎ ከደመወዛቸው የተቆረጠውን 10 በመቶ ብዙዎቹ ሳያገኙት ቀርተዋል። በ1954 ያው የአሜሪካ መንግሥት በአንድ በኩል ሜክሲኳውያንን በጅምላ እያባረረ፣ በሌላ በኩል ከ300,000 በላይ የብራሴሮ ሠራተኞችን አስገባ። ይህን የሕግ ማስከበር ብቻ አድርጎ ማቅረብ እውነቱን መሸፈን ይመስለኛል፤ ጉልበታቸውን እየወሰዱ መብታቸውን መንፈግ ነበርና።

በማሳው ላይ ደግሞ እጀታው አጭር የሆነ መኮትኮቻ ነበር፤ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ስለሚውልበት የብዙዎችን ወገብ ጎድቷል። ካሊፎርኒያ ያገደችው በ1975 ሲሆን፣ ያም የሆነው ሠራተኞቹና ጠበቆቻቸው ለዓመታት ከተሟገቱ በኋላ ነው።

መሣሪያው ቢታገድም በሕጉ የሰፈረው አድልዎ አልጠፋም። የ1935ቱ የፌዴራል የሠራተኛ ማኅበራት ሕግና የ1938ቱ የፌዴራል የደመወዝ ሕግ የእርሻ ሠራተኞችን ከጥበቃቸው ውጪ አድርገዋል። ሕጎቹ ሲወጡ በደቡብ ግዛቶች ብዙ ጥቁር ሠራተኞችን ያገለሉ ሲሆን፣ በምዕራብ ደግሞ ሸክሙ በሜክሲኳውያን ላይ አረፈ። በ1966 የደመወዝ ወለሉ ለከፊሎቹ ተፈቀደ፤ ካሊፎርኒያም በ2016 የራሷን የትርፍ ሰዓት ሕግ አወጣች። በፌዴራሉ ሕግ ግን በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሠራ የእርሻ ሠራተኛ ዛሬም የትርፍ ሰዓት ክፍያ የመጠየቅ መብት የለውም።