ከዚራ እና ኬዛር

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው። ከፊት ለፊቴ የሚታየኝ ኬዛር ስታዲየም ነው፤ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ጎልደን ጌት ፓርክ ጥግ ላይ። በመሮጫው ትራክ ላይ ሰዎች እየሮጡ ነው፤ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የፈለገ ገብቶ ይሮጣል። እኔም ሮጬ መውጣቴ ነው፤ ድምፄ ቢቆራረጥ ከዚያ ነው።

ስለ አንድ የእግር ኳስ ቡድን ላወራችሁ ፈልጌ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ዴልታስ ይባል ነበር። ዕድሜው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። በፈረንጆቹ በ2017 መጋቢት ላይ ጀመረ፣ ኅዳር ላይ ዋንጫ አነሳ፣ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። አልቋል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። እኔ ግን እስካሁን ከልቤ አልወጣም፤ ለምን እንዳልወጣ ራሴም የገባኝ ቆይቶ ነው።

እንዴት እንደጀመርኩ ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ ከስታዲየሙ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ባለው ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ቅዳሜ እንቅልፌን ጨርሼ፣ ባቡር ልይዝ ቁልቁል ስወርድ ከበሮ ሰማሁ። ከበሮ! የሠርግ ወይም የጥምቀት ካልሆነ እኔ በዚህ ከተማ ከበሮ ሰምቼ አላውቅም። እግሬ ወደዚያው ወሰደኝ። የመጀመሪያው ጨዋታቸው ነበር፤ ማርች 25፣ ከኢንዲያናፖሊስ ከመጣው ኢንዲ ኢለቨን ጋር። ያለ ግብ አለቀ። ምንም ያልሆነ ጨዋታ ነው ይል ይሆናል ሌላ ሰው። እኔ ግን ከዕረፍት በኋላ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስጮህ ራሴን አገኘሁት። አሜሪካ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከሰው ጋር አብሬ የጮህኩት ያን ቀን ነው።

ማታውኑ ለአባቴ ደወልኩ። አባቴ ድሬዳዋ ነው ያለው። «አባዬ፣ ኳስ አየሁ» አልኩት። «የት?» «ኬዛር»። ዝም አለና «ከዚራ?» አለኝ። ከዚራ እኮ የኛ ሰፈር ነው፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ዛፍ ጥላ የሚሆንበት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ በኋላ ግን ለእሱ ስሙ ከዚራ ሆኖ ቀረ። «ከዚራ ዛሬ ጨዋታ አለ?» ይለኛል።

ስታዲየሙ ስሙን ያገኘው ሜሪ ኬዛር ከምትባል ሴት ነው፤ በፈረንጆቹ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለእናቷና ለአጎቶቿ መታሰቢያ ይሆን ብላ 100 ሺህ ዶላር የሰጠች። በኋላ የከተማዋ ትልቁ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን እስከ 1970 ድረስ እዚያ ሲጫወት ኖሯል። አሮጌው ፈርሶ አሁን ያለው ትንሽ ነው፤ ወደ 10 ሺህ ሰው ይይዛል።

አባቴ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ውጤቱን አይደለም። «ደጋፊ አለው?» ነው የሚለኝ። ይሄ ጥያቄ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እሱ ያደገው ድሬዳዋ የኢትዮጵያ ኳስ ራስ በነበረችበት ዘመን ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የጥጥ ፋብሪካው ቡድንና የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን የአገሪቱን ሻምፒዮናነት እየተቀባበሉ ድሬዳዋ አስቀርተውታል። በ1954 የአፍሪካን ዋንጫ ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ለጥጥ ፋብሪካው ተጫውቷል። አባቴ ልጅ ሆኖ በአጥር ቀዳዳ አይቶታል፤ ሲያወራው አሁንም እጁ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ እነዚያ ቡድኖች የሉም። ፋብሪካ ያቆመው ቡድን የፋብሪካው እጅ ሲያጥር ይጠፋል፤ ይሄን በአገራችን ስንት ጊዜ አየነው። የባንክ፣ የቢራ፣ የሲሚንቶ ቡድን ስንቱ መጣ፣ ስንቱ ሄደ። ደጋፊው ግን የት ይሂድ? ማሊያውን አጥፎ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል፣ ይኸው ነው።

እኔ ደግሞ አሜሪካ ሌላ ይመስለኝ ነበር። ገንዘብ ያለበት አገር ነው፣ ቡድን አይፈርስም ብዬ። ዴልታስን ያቋቋሙት ብዙዎቹ የቴክኖሎጂ ሰዎች ነበሩ፤ መሪያቸው ኮሎምቢያ የተወለደ ብራያን አንድሬስ ሄልሚክ ነው። ዴልታ በሒሳብ ለውጥ ማለት ነው፤ ስሙም ለዚህ ከተማ የሚስማማ ነበር። አሰልጣኙ ማርክ ዶስ ሳንቶስ ነበር፤ ከካናዳ የመጣ፣ ልጆቹን በሥነ ሥርዓት የሚያጫውት። ቡድኑ ጥሩ ነበር። በእውነት ጥሩ ነበር።

ሰው ግን አልመጣም። ብዙ ጊዜ 3 ሺህ እንኳ አንሞላም። በጋ ላይ ይህች ከተማ እንዴት እንደምትበርድ የኖረባት ያውቃል፤ ጭጋጉ ከውቅያኖስ ተነስቶ በፓርኩ በኩል ይገባና ከወዲያኛው ግብ ያለውን በረኛ ይውጠዋል። በዚያ ብርድ የሚመጣው ያው ሰው ነው፤ በመልክ እንተዋወቃለን። ከበሮ መቺዎቹ፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ የምትመጣ የሜክሲኮ ሴት፣ በፔርሙዝ ቡና የሚይዙ አንድ ሽማግሌ። ሽማግሌው እዚያው ሰፈር የኖሩ ናቸው። ቡና ይቀዱልኝ ነበር፤ ቀጭን ነው፣ ቡና ማለት ይከብዳል፣ ግን በዚያ ብርድ የሰጡኝን ቡና አልረሳውም። አንድ ቀን አምባሻ ይዤላቸው ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ባርኔጣቸውን አጠገባቸው ያስቀምጣሉ፤ ቦታ ሲይዙልኝ ነው። ስታዲየሙ እኮ ባዶ ነው፤ የሚቀማ ቦታ የለም። ግን ይይዙልኛል።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ። የዓመት ትኬት ነበረኝ፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አምስት ጨዋታ አልሄድኩም። ተጨማሪ ሰዓት እየሠራሁ ነበር፤ ለቤት ኪራይ ነው፣ አላፍርበትም። ግን አንዱን ቀን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብርዱን ፈርቼ ነው የቀረሁት። ኳሱ የትም አይሄድም፣ ለከርሞ እደርሳለሁ አልኩ። ከርሞ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው መጥፋቱ ቡድኑን እያዳከመው እንደሆነ ሁላችንም ሰምተናል። ሰምቼም ቀረሁ።

የእኔ አንድ ትኬት ያድነው ነበር አልልም። ነገሩ ከእኛ በላይ ነበር። እዚህ አገር ቡድን በውጤቱ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወደ ታችም አይወርድም፤ የሚጫወትበት ሊግ ፈቃድ ካጣ ግን ሻምፒዮንም ቢሆን ሜዳ የለውም። ሊጉ ስምንት ቡድን ነበረው፤ አንዱ ካናዳ፣ አንዱ ፖርቶ ሪኮ። በሴፕቴምበር የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለቀጣዩ ዓመት የሁለተኛ ዲቪዚዮን ፈቃድ እንደማይሰጥ አሳወቀ። ሊጉ ፍርድ ቤት ሄደ፤ አልተሳካለትም። በ2018 ውድድሩ ጨርሶ አልተካሄደም። ይሄ ሁሉ በቢሮ ውስጥ ሲሆን ልጆቹ ሜዳ ላይ እያሸነፉ ነበር፤ እሱ ነው የሚገርመኝ። ነገ ደመወዝ ይኑር አይኑር የማያውቅ ተጫዋች በ90ኛው ደቂቃ ኳስ ለማስጣል መሬት ላይ ሲንሸራተት አይቻለሁ።

ለፍጻሜው ደረሱ። እሁድ፣ ኖቬምበር 12፤ በእኛ ኅዳር 3 ቀን 2010። በሜዳችን፣ በኬዛር። ተጋጣሚው ኒውዮርክ ኮስሞስ! ለአባቴ ስነግረው «የፔሌ ኮስሞስ?» ብሎ ጮኸ። የፔሌ ኮስሞስ፤ ስሙ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና የተነሳው። «ከዚራ ከፔሌ ቡድን ጋር!» እያለ ለጎረቤት ሁሉ አወራ።

በዚያን ሳምንት ቡድኑ ሊፈርስ ነው የሚለው ወሬ ተሰምቶ ነበር። በእኛ ረድፍ ግን ማንም አላነሳውም። ታማሚ ባለበት ቤት እንደሚወራው ነው የምናወራው፤ ስለ አየሩ፣ ስለ አሰላለፉ፣ ስለ ሜዳው።

ስደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ነበር። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው መጣ። በእኛ ረድፍ የማላውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አዲስ ስካርፍ፣ ማጠፊያው ያልጠፋ። ሽማግሌውን ፈለግኋቸው። ከታች አጥሩ ላይ ተደግፈው ቆመዋል፤ ባርኔጣቸውን አጥሩ ላይ ሰቅለውታል። አጠገባቸው ቆምኩ። አልተናደዱም። ዞር ብለው ወደ ላይ እያዩ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው «አየሽ፣ ሞላ» አሉኝ።

2 ለ 0 አሸነፍን። ጨዋታውን ብዙ አልተርክላችሁም፤ ግማሹን ያየሁት በእንባ ነው። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ለአባቴ በቪዲዮ ደወልኩ። እንቅልፉን ትቶ ይጠብቀኝ ነበር። ስልኩን ወደ ሰዉ አዞርኩለት። ብዙ ደቂቃ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ «ስንት ሰው ነው ይሄ?» አለኝ። «አሥር ሺህ ይጠጋል አባዬ።» «እስካሁን የት ነበሩ?»

መልስ አልነበረኝም። ያ ጥያቄ ለእነሱ ብቻ አይደለም፤ ለእኔም ነው፤ ነሐሴ ላይ ብርድ ፈርቼ ለቀረሁት። እነዚያ አዲስ ስካርፍ የለበሱ ሰዎች ላይ ልቆጣ አልችልም። ደስ ብሏቸው መጥተዋል፣ ደስ ብሏቸው ዘፍነዋል። ግን ያን ምሽት ካዩት ቡድን በላይ እኔ የማውቀው ሌላ ቡድን አለ፤ በጭጋግ ውስጥ፣ ባዶ ወንበር ፊት፣ ለ2 ሺህ ሰው እንደ 20 ሺህ ሰው የሚሮጠው። እሱን ያየነው ጥቂቶች ነን። ለዚህ ነው ዛሬ የማወራችሁ፤ ሌላ ማን ያወራዋል?

ሰዉ ሲበተን እኛ ቆየን። ተጫዋቾቹ ዋንጫውን ይዘው በአጥሩ በኩል አለፉ፤ አንዱ ቆሞ የሽማግሌውን እጅ ጨበጠ። ሽማግሌው ፔርሙዛቸውን ከፈቱ፤ የቀረችው አንድ ስኒ ናት። ለእኔ ቀዱልኝ። አባቴ አሁንም ስልኩ ላይ ነበር፤ «ማናቸው እሳቸው?» አለኝ። «ቦታ የሚይዙልኝ ሰውዬ ናቸው» አልኩት። «ስልኩን ስጫቸው» አለ። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ እሳቸውም አማርኛ አያውቁም። ስልኩን ሰጠኋቸው። አባቴ ከድሬዳዋ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላቸው፤ ሽማግሌውም ባርኔጣቸውን ከአጥሩ አንስተው ዝቅ አድርገው ሰላም አሉት።