እንበላቸዋለን ያልኩት ነገር

እሺ... ይሰማል? ቀይዋ መብራት በርታለች። ባለፈው አርባ ደቂቃ ሙሉ ብቻዬን ለፍልፌ ሳይቀዳ የቀረውን ታስታውሳላችሁ፣ ካልኩሌተር የምንለው ጓደኛችን እስከዛሬ "ምርጡ ኤፒሶድህ እሱ ነበር" እያለ ነው የሚያበሽቀኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ርዕስም የለም፣ ማለቴ አለ ግን ርዕስ ይሁን አይሁን አላውቅም።

እሁድ የሆነውን ላውራችሁ። ቤቱን ታውቁታላችሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ጋሼ ጥግ ላይ ኮታቸውን ሳያወልቁ። ወሬው ደግሞ ነሐሴ ላይ በርሚንግሃም የሚደረገው የ2026ቱ የአውሮፓ የአትሌቲክስ ሻምፒዮና። ማን አንደኛ ይወጣል፣ ማን ይወድቃል፣ እኛ እኮ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነን ሁላችንም።

ካልኩሌተር ጣልያን ነው አለቀ አለ። ሮም 2024 ላይ 24 ሜዳሊያ፣ 11ዱ ወርቅ፣ የቡድን ሻምፒዮናውን በ2023ም በ2025ም ወስደውታል፣ ምን ትከራከራላችሁ አለ። የባለቤቴ ወንድም ከሽቱትጋርት መጥቶ ነበር፣ እሱ ለጀርመን ሞቶ ነው የሚከራከረው፣ "ሙኒክ 2022 በወርቅ አንደኛ ማን ነበር?" ብሎ ተነሳ። ካልኩሌተር ምንም ሳይጮህ "ቡዳፔስት 2023ስ?" አለው። በቃ። ጀርመን ቡዳፔስት ላይ ከዓለም ሻምፒዮና አንድ ሜዳሊያ እንኳን ሳትይዝ ነው የተመለሰችው፣ ይሄን ለጀርመን ደጋፊ ማንሳት የሰው ለቅሶ ላይ ሄዶ እንደመሳቅ ነው። ልጁ ትንሽ ዝም አለና "አማናኤል ጴጥሮስ" አለ። ለጀርመን የሚሮጠው፣ ቶኪዮ 2025፣ የዓለም ሻምፒዮናው ማራቶን፣ ብር። አስታወሳችሁት? ከታንዛኒያው ሲምቡ ጋር ሁለቱም 2:09:48፣ በፎቶ ፊኒሽ ነው የለዩአቸው፣ ያን ሁሉ 42 ኪሎ ሜትር ሮጠህ በደረት! ሦስተኛው ደግሞ ጣልያናዊው ኢሊያስ አዋኒ ነበር፣ ስለዚህ ካልኩሌተር "እሱም የኛ ነው" አለ። የኛ ሲል የጣልያን ማለቱ ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ፣ እሱን ማንም ምንም አላለውም።

ከዚያ እኔ። እኔ ያው ሆላንድ ነኝ። ሴቶቹ የ4 በ400 ዱላ ቅብብል ላይ ነበርኩ። ፌምኬ ቦል ዘንድሮ ወደ 800 ሜትር ገብታለች፣ መሰናክሉን ትታዋለች፣ አለቀላችሁ እያሉኝ ነው፣ እኔ ደግሞ 800 መሮጥዋ የመጨረሻውን ዙር ጭራሽ ያጠነክራታል፣ ሙኒክ ላይ 400፣ 400 መሰናክል፣ ዱላ ቅብብል ሦስት ወርቅ የወሰደች ልጅ እኮ ናት፣ ዱላውን አምስት ሜትር ወደኋላ ሆና እንኳን ትቀበል... "እንበላቸዋለን!" አልኩ። ጠረጴዛውን መታሁት መሰለኝ፣ ስኒ ተንቀሳቀሰ።

ጋሼ ቀና አሉ። ስኒያቸውን አስቀመጡ። "እን?" አሉ።

ሌላ ምንም የለም። "እን?" ብቻ። ጠረጴዛው ሳቀ፣ ቡና የምትቀዳው እህታችን ሳትቀር ጀበናውን ይዛ ዞራ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ቁጣ አልነበረበትም እኮ፣ ፊታቸውን አይቼዋለሁ፣ ስልክ ሲቆራረጥ ምን አልክ እንደሚባለው ነው ያሉት። ጆሮዬ ነው የዋሸኝ ወይ አይነት።

እና ከእሁድ ጀምሮ በባቡር ውስጥ ሳይቀር ያቺን "እን" ነው የማስበው። ምክንያቱም እኔ "እኛ" አላልኩም። እኛ ብል ኖሮ አስቤ ነው የምለው፣ ይቀርብኝ ነበር ምናልባት። አማርኛ ግን እኛ ማለት ሳያስፈልግህ ግሱ ውስጥ ይከትሃል። "ይበሏቸዋል" ማለት እችል ነበር፣ ጥቂት ፊደል ናት ልዩነቷ። አፌ ነው የወሰነው፣ እኔን አላማከረኝም። በደችኛ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ስናወራ "እነሱ" ነው የምለው። ሆላንዶቹ፣ እነሱ። ከደቾቹ ጋር ስሆን እነሱ እላለሁ፣ ከሐበሻ ጋር ስሆን በአማርኛ እን... ይሄን ስነልቦና ያጠናችሁ ካላችሁ ፃፉልኝ፣ ወይም አትፃፉልኝ።

ግን ሳቄ ነው የሚከነክነኝ። ለምን ሳቅኩ? መልስ ነበረኝ እኮ! ሮም 2024፣ ግማሽ ማራቶኑ፣ እሁድ ጠዋት ነበር፣ እዚያው ቤት፣ እዚያው ወንበር። የማነ ክሪፓ አንደኛ ወጣ፣ ጓደኛው ፒየትሮ ሪቫ ሁለተኛ። ጋሼ ተነስተው አጨበጨቡ፣ "የደሴ ልጅ! የኛ ልጅ! ወርቃችን!" አሉ። የደሴ ልጅ መሆኑስ እውነት ነው፣ ደሴ ነው የተወለደው፣ በማደጎ ነው ጣልያን የሄደው። ግን ማልያው ሰማያዊ ነው ጋሼ። ጣልያን ነው። ሮም ላይ! አበበ በ1960 በባዶ እግሩ የሮጠባት ሮም፣ ያኔ እኮ የአክሱም ሐውልታችን እዚያው ቆሞ ነበር፣ አበበ በአጠገቡ ነው ያለፈው፣ በ2005 ነው ወደ አገሩ የተመለሰው... ጋሼ የአበበን ሩጫ በሬዲዮ እንዴት እንደሰሙ ስንት ጊዜ እንደነገሩን ታውቃላችሁ፣ ሦስት ኤፒሶድ ላይ አለ። እና ያ ሰው ለጣልያን ወርቅ "የኛ" ብሎ አጨበጨበ፣ ማንም "እን?" አላላቸውም።

ይሄን ልላቸው እችል ነበር። አላልኩም። አንደኛ ጋሼ ናቸው፣ በሰው ፊት እንዴት ብዬ ነው የማፋጥጣቸው። ሁለተኛ... ሁለተኛው ምናልባት የሳቸው ትክክል ስለሆነ ነው። እሳቸው ያጨበጨቡት ለልጁ ነው። እኔ ለፌምኬ ነው የጮህኩት፣ ፌምኬ ደግሞ አመርስፎርት ተወልዳ ከኔ ጋር ምን ያገናኛታል? ኢትዮጵያ ተወልዳ ለሆላንድ ለምትሮጠው ለሲፋን ሐሰን ብዬ ቢሆን ጋሼም አይጠይቁኝም ነበር። ወይስ ይጠይቁ ነበር?

ምክንያቱም ሲፋንም ላይ እኮ ነገር አለ። ፓሪስ 2024፣ ማራቶኑ፣ የመጨረሻዋ ኩርባ። ትዕግስት አሰፋ እና ሲፋን፣ ክርን ለክርን። ቤቱ በአንድ ድምፅ "ገፋቻት!" አለ። እኔም ገፋቻት ብዬ ጮህኩ፣ ጉሮሮዬ ነው የተሰነጠቀው። በ3 ሰከንድ ሲፋን ወሰደችው፣ 2:22:55፣ የኦሎምፒክ ሪከርድ። የኛዎቹ አቤቱታ አስገቡ፣ ውድቅ ሆነ። እኔ ያን ቀን ትዕግስት ነበርኩ፣ መቶ በመቶ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ደቾቹ እጄን ጨብጠው "እንኳን ደስ ያለህ!" አይሉኝም መሰላችሁ? ቆይ፣ ያሸነፈው እናንተ አይደላችሁም እንዴ? ኬክ ቆርሰው ሰጡኝ። የኔን ሽንፈት ኬክ በላሁ። አመሰገንኩም። አድማጮቼ ይሄን ኬክ ታስታውሱታላችሁ፣ "ቸኮሌት ነበር ቢያንስ" የሚለው ከዚያ ነው የመጣው።

ካልኩሌተር ደግሞ ከዚያ ይብሳል ብሎ ዙሪክ 2014ን ያመጣል ሁልጊዜ። 1500 ሜትር ሴቶች፣ ሲፋን ለሆላንድ ወርቅ፣ አበባ አረጋዊ ለስዊድን ብር። 5000 ላይ ደግሞ መራፍ ባህታ ለስዊድን ወርቅ፣ ሲፋን ብር። ወረቀቱ ላይ ሆላንድ ከስዊድን ነው የሚለው። ቤቱ ግን ያኔ ማንን እንደደገፈ የሚያስታውስ ሰው የለም፣ ጠይቄያለሁ፣ ሁሉም "ኧረ እኔ እንጃ" ነው የሚለው።

ስለ ቡድን ካወራን ደግሞ፣ ይሄ ከርዕስ መውጣት ነው ግን ልውጣ፣ ቤልጅየማዊቷን አሎሎ ወርዋሪ አያችኋት? ዮሊን ቡምክዎ፣ 2023፣ ፖላንድ፣ የቡድን ሻምፒዮና። እዚያ ለአንደኛ 16 ነጥብ ነው፣ ደረጃው በወረደ ቁጥር አንድ አንድ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ካልሮጥክ ዜሮ። የመሰናክል ሯጮቻቸው ተጎዱ። እና አሎሎ ወርዋሪዋ ተነስታ 100 ሜትር መሰናክል ገባች! አንድ በአንድ እየተሻገረች፣ እየሳቀች፣ በ32.81 ጨረሰች፣ ሌሎቹ ጨርሰው ውሃ ጠጥተው ነበር። 2 ነጥብ አገኘች። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግራችሁም። አንዴ አልቅሻለሁ፣ ለምን እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ፣ ለቤልጅየም እኮ ነው! ለቤልጅየም ያለቀሰ ሐበሻ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፣ ብራስልስ ያላችሁ አስተካክሉኝ።

እና ማክሰኞ እስራኤል፣ ኔታንያ ከተማ ላለችው አድማጫችን ነገርኳት፣ ያቺ ስምንት ደቂቃ ቮይስ የምትልከዋ። ሙኒክ 2022ን አነሳችልኝ፣ የእስራኤሉ ማሩ ተፈሪ ማራቶን ላይ በጀርመኑ ሪንገር የተቀደመበት፣ ሁለት ሰከንድ፣ ጋሻው አያሌ ሦስተኛ፣ በቡድን ደግሞ እስራኤል ወርቅ። "እኛ እዚህ 'አሸነፍን' ነው ያልነው፣ ማንም 'እን' አላለንም" አለች። ከዚያ ቮይሱ ላይ ረጅም ዝምታ አለ፣ ሳህን ስታጥብ ይሰማል፣ ከዚያ "ሌላ ጊዜ ሌላ ነገር ይሉናል እንጂ" ብላ ዘጋችው። መልሼ አልጠየቅኋትም። መጠየቅ ነበረብኝ መሰለኝ።

ረቡዕ ጋሼ ደወሉ። ጉድ በል ልቤ አልኩ፣ ስለ እሁዱ ነው ብዬ። አይደለም፣ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጥቶባቸው ነው፣ አንብብልኝ አሉ። የቆሻሻ ማውጫ ቀን ተቀይሯል ነው የሚለው። አነበብኩላቸው፣ "ማክሰኞ ሆነብን በለኛ" አሉ፣ ሆነብን፣ ከዚያ ተባረክ ብለው ሊዘጉ ሲሉ፣ ጋሼ ልላቸው ነበር፣ ያን ቀን... ግን ምን ብዬ? "እን ያሉኝ ነገር" ብዬ? ረስተውት ቢሆንስ? ረስተውት ከሆነ እኮ ጭራሽ...

ቆይ። ልጅቷ ነቃች መሰለኝ። መጣሁ እናቴ! ... አይ፣ ያንን ብርቱካናማውን አይደለም፣ እሱ ቆሽሿል... ቆይ መጣሁ