ዝርዝሩ ይሰረዝልኝ (የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የኦንላይን ሻጮች ማህበራችን አባላት፣ እንግዶቻችን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን እግዜር ይስጥልን። ቡናው በእረፍት ሰዓት ይመጣል።

ዘንድሮ ምን ሠራን? ዕቃ ከሚያደርሱልን ሞተረኞች ጋር በአንድ ዋጋ ተስማማን። የጋራ የርክክብ ቅጽ አዘጋጀን። አዳዲስ አባላት መጡ። ጥሩ ነው። የቀረውን ጸሐፊያችን ያነብላችኋል።

እኔ ወደሚያንገበግበኝ ልግባ። «ይቀየርልኝ» የምትለዋ ቃል ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳችን። ደንበኛው ኦሪጅናል ኢርፎን ይወስዳል፤ በሦስተኛው ቀን ኮፒ ይዞ «አይሠራም» ይላል። አንዱ አባላችን ስልክ ሸጦ የተመለሰለት ሌላ ስልክ ነው። ቀለሙ ያው፣ ካርቶኑ ያው። *#06# ሲነካ ግን የመጣው ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር ሌላ ሆነ። ከመላኩ በፊት ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ አውጥቶ ፎቶ አንስቶ ስለነበር ዳነ።

ሌሎቻችን ግን ምን አደረግን? ግሩፓችን ላይ «የሌቦች ዝርዝር» ከፈትን። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የአንዳንዱ የግቢው በር ሳይቀር። ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ጎሮ አካባቢ ላሉ አንዲት እናት ብሌንደር ሸጥኩ። በማግስቱ ደወሉ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር አይዞርም።» ሞተረኛው መልሶ ሲያመጣው የላክሁት ጥቁር፣ የመጣው ግራጫ። ሸወዱኝ አልኩ። ሳልጠይቅ፣ ሳላጣራ ስማቸውን ከነቁጥራቸው ዝርዝሩ ላይ ለጠፍኩ። ከአራት ቀን በኋላ ዕቃ ቤቴን ሳስተካክል ጥቁሩ ብሌንደር ከነእሽጉ ቁጭ ብሏል። ካርቶኑን ያቀያየረው የእኛው ልጅ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። «ብሩ አይደለም የቆጨኝ» አሉኝ። «የጎረቤቴ ልጅም ኦንላይን ይሸጣል። ስሜን ያሳየኝ እሱ ነው።» ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሕጉም አያግዘንም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል። የሰው ስልክ ቁጥር መበተንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ቀልድ አይደለም።

ተጠራጠሩ፣ መብታችሁ ነው። ግን ከአፋችሁ በፊት ማስረጃችሁ ይቅደም። ስታሽጉ ቪዲዮ ቅረጹ፤ የዕቃው ሲሪያል ቁጥር ይታይ፣ ቀረጻው አይቋረጥ። ደንበኛው ከፍቶ ሳይሞክር ሞተረኛው አይመለስ። አዎ፣ አምስት ደቂቃ ይጠብቃል። ይከፈለው! ቅያሪ ሲጠየቅ መጀመሪያ የብልሽቱን ቪዲዮ ጠይቁ። ደግሞ በር ላይ መለዋወጥ ይቅር። የተሸጠው ይምጣ፣ ቁጥሩ ይመሳከር፣ ከዚያ አዲሱ ይሂድ። ካልገጠመ «ሌባ» አትበሉ። «የላክንልዎ ይሄ ነው፣ የደረሰን ይሄ ነው» በሉና ሁለቱን ፎቶ ላኩ። ሊያጭበረብር የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ እዚያው ስልኩን ያጠፋል። እውነተኛው ደንበኛ ግን ይደውላል፣ ይከራከራል። ያኔ ዕቃ ቤታችሁን ፈትሹ።

ከኋላ የተቀመጠችው ታናሽ እህታችን ይህን ሁሉ ታደርጋለች። ዘንድሮ አንድም ዕቃ አልተለወጠባትም። ኮርቼባታለሁ።

ሌሎቻችሁስ? የርክክብ ቅጹን መጋቢት ላይ በትነን ነበር። ሞልተው የመለሱት በጣት ይቆጠራሉ። እስከ እኩለ ሌሊት «ይለጠፍ! ይጋለጥ!» ሲሉ የነበሩት ወንድሞቼ ዛሬ ወንበራቸው ባዶ ነው። የመጠባበቂያ መዋጮም አልከፈሉም፤ ሲሸወዱ ግን ቀድመው የሚደውሉልኝ እነሱ ናቸው። በስልክ እየቀረጻችሁ የምትልኩላቸው ካላችሁ፣ ይሄንንም ቅረጹልኝ።

አጀንዳ ሦስት ላይ ድምፅ እንሰጣለን። ዝርዝሩ ይሰረዝ ባይ ነኝ፤ የማይስማማ ተነስቶ ይከራከረኝ። የእኚያን እናት ቁጥር እኔ ካጠፋሁት ቆይቷል። ስክሪንሹቱ ግን እስከ ትናንት ማታ የአንዱ አባላችን ቻናል ላይ ነበር። ባለቤቱ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከምሳ በፊት ያጥፋልኝ።