ቻይናዎች ቆዳ አጠገብ ቅጠል የሚያጨሱት ለምንድን ነው?

[ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ሲጋራ የመሰለ ጥቅል። ጫፉ ፍም ሆኗል፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል።]

ሀሺሽ አይደለም። መጀመሪያውኑ ልንገራችሁ፤ ሽታው ስለሚመሳሰል ጎረቤቶቼ ምን እያሉኝ እንደሆነ አላውቅም። ቅጠል ነው። ቻይናዎች አይ-ትሳው ይሉታል፤ ከእኛ ጭቁኝና አሪቲ ጋር የአንድ ወገን ተክል ነው፣ አርቴሚዥያ። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል። ግንዱና ብናኙ ከወጣ በኋላ ባዘቶ የመሰለ ለስላሳ ነገር ይቀራል። ቅጠሉ ሥር ያለው ነጭ ጸጉር ነው እንግዲህ ባዘቶ የሚሆነው። እሱን በወረቀት ይጠቀልሉታል፣ ይለኩሱታል፣ ቆዳችሁ አጠገብ ይይዙታል።

በቃ። ሕክምናው ይሄ ነው።

በቻይንኛ ጂዩ ይባላል። በሌላው ዓለም ሞክሲበስሽን ወይም ባጭሩ ሞክሳ፤ ስሙ ሞጉሳ ከሚለው የጃፓንኛ ቃል የመጣ ነው። አኩፓንክቸርን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ መርፌውን። ቻይናዎቹ ግን ያንን ሙያ ሲጠሩት ዠንጂዩ ነው የሚሉት፤ ዠን መርፌ፣ ጂዩ ደግሞ ይሄ እሳት። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግባቸው አንድ ላይ ነው። ለእኛ መርፌው ብቻ ደረሰንና እሳቱ ቀረ።

እንዲያውም እሳቱ ሳይቀድም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1973 ሁናን ክፍለ ሀገር ማዋንግዱይ በሚባል ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ከተዘጋ መቃብር ውስጥ በሐር ላይ የተጻፉ የሕክምና ጽሑፎች ወጡ። ሁለቱ በሰውነት ውስጥ ስለሚያልፉ 11 መስመሮች ያወራሉ፤ እዚህ ጋ ከታመመ ይሄኛውን መስመር አቃጥል ይላሉ። ስለ መርፌ ግን አንድም ቃል የለም።

[የሰው ምስል፤ ከጣት ጫፍ እስከ ራስ የሚሄዱ መስመሮች አንድ በአንድ ይበራሉ።]

እሺ፣ ያ ፍም ውስጣችን ገብቶ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ በነሱ አፍ ልንገራችሁ።

ለእኛ ሰው ነገሩ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። ወገባችንን ሲይዘን ምን እንላለን? «ብርድ ገባኝ»። ቻይናዎቹም እንደዚያው ነው የሚሉት፤ ብርድና እርጥበት ከውጭ ይገባል፣ መስመሮቹ ላይ ይቀመጣል፣ ቺ የሚሉት የሕይወት ኃይልና ደም በነጻነት እንዳይሄዱ ያግዳል፣ የታገደበት ቦታ ያማል። አሁን ዋናዎቹ መስመሮች 12 ናቸው፣ መስመሮቹ ላይ ያሉና በዓለም ጤና ድርጅት መለያ የወጣላቸው ነጥቦች ደግሞ 361። ሞክሳው ነጥቡን ያሞቃል፣ ሙቀቱ በመስመሩ ይጓዛል፣ ብርዱን ያስወጣል፣ ያንግ የሚሉትን የሰውነት ሙቀት ይመልሳል። ስለዚህ ብርድ ብርድ ለሚለው፣ እግሩ ለሚቀዘቅዝ፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲበላ ሆዱን ለሚቆርጠው፣ የወር አበባ ሕመሟ ሙቅ ውሃ ስትይዝ ለሚቀላት ይሰጣል። ትኩሳት ላለበት ሰው ግን አይሆንም፤ እሳት ላይ እሳት ነው።

የታወቀውን ነጥብ አሁን ራሳችሁ ላይ ፈልጉት። ከጉልበታችሁ ሎሚ ሥር አራት ጣት ወደ ታች፣ ከዚያ ከአገዳው አንድ ጣት ወደ ውጭ። ጫን ስትሉት ጠዝጠዝ ይላል። ዙሳንሊ ይባላል፤ ለሆድም፣ ለድካምም፣ ለምኑም ያሞቁታል።

አደራረጉ ብዙ ዓይነት ነው። ጥቅሉን ከቆዳ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አርቆ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ መያዝ አለ። ዝንጅብል ወይም ነጭ ሽንኩርት ቆርጦ ቆዳ ላይ አስቀምጦ ከላዩ ማቃጠል አለ። እምብርት በጨው ሞልተው እሱ ላይ የሚያነዱም አሉ። ከባዱ ደግሞ ባዘቶውን ቆዳው ላይ አስቀምጦ እስኪያቆስል መለኮስ ነው፤ ጠባሳው ሆን ተብሎ የሚተው ነው። እዚህ ጋ «ይሄማ የኛው መተኮስ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ ቅርብ ነው።

[መስመሮቹ ይጠፋሉ። የቆዳ ንብርብር ይታያል።]

አሁን ወደ ፊዚዮሎጂው። ሰው ተቀዶ ሲታይ እነዚያ 12 መስመሮች አይገኙም። ሙቀቱ ግን ይገኛል፣ ሥራውም ይለካል።

ቆዳችን ውስጥ ወደ 43 ዲግሪ ሲጠጋ የሚከፈት በር አለ፤ የነርቭ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ተቀባይ ነው። ሚጥሚጣ ስትልሱ «አቃጠለኝ» የሚያሰኛችሁ ያው በር ነው፣ ሚጥሚጣው ሳይሞቅ በሩን ስለሚከፍተው። ዴቪድ ጁሊየስ የሚባለው ሳይንቲስት እሱን በማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። በሩ ሲከፈት ነርቩ ወደ አከርካሪ መልእክት ይልካል፤ እግረ መንገዱንም እዚያው ቆዳው ውስጥ የደም ሥር የሚያሰፉ ኬሚካሎችን ይለቃል። ለዚህ ነው መቅላቱ ፍሙ ከቆመበት ነጥብ አልፎ ዙሪያውን የሚዘረጋው። የቆዳው የደም ፍሰት በብዙ እጥፍ ይጨምራል፣ የተኮማተረ ጡንቻ ይላላል። ሕመሙም ይቀንሳል፤ ሜልዛክና ዎል የሚባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳሉት አከርካሪ ውስጥ ሌላ በር አለና፣ ሌላ ስሜት ሲገባ የሕመሙ መንገድ ይጠባል። ያመማችሁን ቦታ የምታሹት ለምን ይመስላችኋል?

ስለዚህ ብርድ አስወጣ አላስወጣ፣ ይሞቃል፣ ደም ይሄዳል፣ ሕመሙ ይቀንሳል። ቻይናዎቹ «ደም ያንቀሳቅሳል» ሲሉ እዚህች ላይ ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ጥያቄው ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስስ ያንኑ አያደርግም ወይ የሚለው ነው፤ ለወገብ ቁርጥማት ከሆነ ብዙውን ያደርጋል።

የሚያስገርመው ጉዳይ የእግር ትንሿ ጣት ነው። ፅንስ በመቀመጫው ሲመጣ ቻይናዎቹ የእናትየውን ትንሽ ጣት የጥፍር ጥግ ያሞቃሉ፣ ልጁ እንዲገለበጥ። እኔም መጀመሪያ ሳቅሁ። ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ጃማ የተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ከቻይና ጂያንግሺ የመጣ ጥናት አወጣ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ፣ 33ኛ ሳምንት ላይ የደረሱ 260 ሴቶች ነበሩ። ሞክሳ ከተደረገላቸው 130 መካከል በ35ኛው ሳምንት 98ቱ ፅንሶች ዞረው ጭንቅላታቸው ወደ ታች ሆኗል፤ ካልተደረገላቸው 130 ደግሞ 62ቱ። የፅንሱ እንቅስቃሴም ጨምሮ ነበር። ከዚያ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲሞከር ልዩነት ጠፋ። ችግሩ ደግሞ ሞክሳን ደብቆ መሞከር አስቸጋሪ ነው፤ በክኒን ቢሆን ባዶ ክኒን ትሰጣላችሁ፣ እዚህ ግን ጭሱ ይሸታል፣ እግር ይሞቃል፣ ሴትየዋ ያልተደረገላት መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ ልጃችሁ በመቀመጫው ከመጣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ነው።

ጭሱን ደግሞ እንደ እጣን አትዩት። ከቅጠሉ ዘይት የሚወጣ ካምፎር ቢጤ ስላለው አፍንጫ ይከፍታል፣ ግን ጭስ ጭስ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ብናኝ አለው። አስም ያለበት ሰው ክፍሉን ለቆ ይውጣ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ስኳር ያለባቸው ሰዎች ናቸው። እግራቸው ሲደነዝዝ ያ የ43 ዲግሪው በር አይነግራቸውም፤ ሳይሰማቸው ይቃጠላሉ፣ የስኳር ታማሚ የእግር ቁስል ደግሞ በቀላሉ አይድንም። ለእናታችሁ ኦንላይን አዝዛችሁ ልትሰጡ ካሰባችሁ ይቺን ሁለት ጊዜ አድምጧት።

[ወደ ጠረጴዛው። ጥቅሉ አሁንም ይጨሳል።]

ይሄው፣ መቅረጽ ከጀመርኩ ጀምሮ አልጠፋም። ጠፋ ብላችሁ ቅርጫት ውስጥ እንዳትጥሉት፤ ከላይ አመድ ሆኖ ውስጡ ፍም ነው። አሸዋ ወይም ጨው ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ትተክሉታላችሁ፣ እንዲህ። አየር ያጣና ይሞታል። አሁን መስኮት ልክፈት።