ሶፋችን አውቶቡስ ነው

እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ቲኬት ያልቆረጠ አለ?

አትሳቁ፣ እኛ ቤት ይሄ የምር ጥያቄ ነው። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ አንበሳ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ከሥራው ጡረታ ከወጣ ቆየ፤ ሥራው ግን ከሱ አልወጣም፤ ሳሎን ያለው ሶፋችን ለሱ አውቶቡስ ነው። ሐኪም አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ዓይነት ነው ካለን አራተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ቁርስ ምን እንደበላ አያውቅም። ከስድስት ኪሎ እስከ መርካቶ ያሉትን ፌርማታዎች ግን አንድም ሳይዘል ይጠራላችኋል።

ይሄ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። የጠዋቱን ረስቶ የዛሬ ሃምሳ ዓመቱን የሚያስታውሰው አውቆ ነው እንዴ እያልኩ። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ። በሽታው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚይዘው አዲስ ነገር የሚመዘግበውን የአንጎል ክፍል ነው፣ ሂፖካምፐስ የሚሉትን። ድሮ የተመዘገበው ቶሎ አይነካም። ስለዚህ አባዬ እያታለለን አይደለም። ዛሬን የሚጽፍበት ደብተር አልቆበት ነው።

ሰፈራችን ለዚህ ሁሉ ያለው ቃል አንድ ነው፤ ጃጀ። «ሲያረጁ ያለ ነው» ይሉናል። አይደለም። በሽታው ስሙን ያገኘው ከአሎይስ አልዛይመር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ለሙያ ባልደረቦቹ ስለ አንዲት ታካሚው ከተናገረው ጀርመናዊ ሐኪም። ያቺ ሴት ስትሞት ገና በሃምሳዎቹ ውስጥ ነበረች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዛሬ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰው ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖራል፣ አብዛኛውም እንደኛ ገቢያቸው ዝቅ ባለ አገሮች። ብቻችንን የሆንን የሚመስለን በር ዘግተን ስለምናስታምም ነው።

ወደ ሶፋው ልመለስ።

አንድ እሑድ የንስሐ አባታችን ሊጠይቁት መጡ። ገና መስቀላቸውን ከማውጣታቸው አባዬ ብድግ ብሎ «ቲኬት!» አለ። እኔ መሬት በዋጠችኝ አልኩ። እሳቸው «ልጄ፣ ልባርክህ ነው የመጣሁት» ቢሉት፣ «ቡራኬው ሲወርዱ ይሆናል አባቴ፣ መጀመሪያ ቲኬት» አላቸው። አባ ምንም አላሉም። ከቀሚሳቸው ኪስ አሥር ብር አውጥተው ሰጡት። አባዬ ኪሱን ዳበስ ዳበስ አደረገና መልስ ሰጣቸው፤ ሁለት የሸሚዝ ቁልፍና አንድ ከረሜላ። ቆጥረው ተቀበሉት። «ስንት ዘመን ስሳፈር መልሴን ሳልጠይቅ የተሰጠኝ ገና ዛሬ ነው» አሉ። አባዬ ሳቀ። እኔማ ግድግዳ ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ በፊት ቤታችን ውስጥ መቼ እንደተሳቀ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማረም ተውኩ። በፊት ቀኑን ሙሉ «አባዬ ይሄ ሶፋ ነው፣ አባዬ ጡረታ ወጥተሃል» ስለው ነበር የምውለው፣ እሱ ይቆጣል፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ማታ ሁለታችንም ተኳርፈን እንተኛለን፣ ጠዋት እሱ ረስቶታል፣ እኔ ግን ኩርፊያዬ እንዳለ ነው። አሁን ከልጄ አሮጌ ደብተር ቲኬት ቀድጄ፣ ቁጥር ጽፌ አዘጋጅለታለሁ። ምሳ ሲደርስ «ጋሼ፣ ተረኛው መጥቷል፣ ምሳ ይውጡ» እለዋለሁ። ገላ መታጠብ ጦርነት ነበር። «ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ዩኒፎርም ይለወጣል» ሲባል ራሱ ፎጣውን ይፈልጋል። ለመኝታ ደግሞ ከበሩ ላይ «መጨረሻ ፌርማታ!» እላለሁ። ይነሳል። ከኋላ የቀረ ዕቃ እንዳለ አይቶ ነው ታዲያ የሚነሳው።

ማታ ይከብዳል። ይህ በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ይረበሻሉ። አባዬ ሠላሳ ዓመት የኖረበት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ «ወደ ቤቴ ልሂድ» ይላል። እሺ እለዋለሁ። ኮቱን ለብሶ እንወጣለን፣ ሱቁ ጋ ደርሰን እንዞራለን፣ ተመልሰን በራችን ላይ ስንደርስ «ደረስን» እለዋለሁ። ገብቶ ዙሪያውን ያይና «ከድሮው ጠባለች» ይላል። እውነቱን ነው፤ እኔና ወንድሜ ዕቃችንን ጭነን ገብተንበታል።

አክስቴ ይሄን አይታ «በአባትሽ ትስቂያለሽ? ነውር አይደለም?» አለችኝ። ግማሹ እውነት አላት። አባቱ ሱሪው ላይ ሲያመልጠው ቀርጾ ቲክቶክ ላይ የለቀቀ ልጅ አይቻለሁ። እሱን ሳቅ አልለውም። እኔ የምስቀው አባዬ ሲስቅ ነው። ሲፈራ አልስቅም። ደግሞ ሁልጊዜ ሳቂታ ነኝ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ኩሽና ገብቼ በሽንኩርት የማሳብብበት ቀን ብዙ ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ክፉኛ ተሳሳትኩ። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ማታ «እናትሽ ዛሬ አመሸች» አለኝ። እኔ ሞኟ «አባዬ፣ እማዬ እኮ ሞታለች» አልኩት። መርዶ ያኔ እንደሰማ ሰው ሆኖ አለቀሰ። በማግስቱ ማታ እንደገና ጠየቀኝ። ሰው ሚስቱን ስንት ጊዜ ይቀብራል? አሁን ሲጠይቀኝ «እስቲ ስለሷ አጫውተኝ» እለዋለሁ። «እናትሽ እኮ» ይላል፣ «አንድም ቀን ዝርዝር ይዛ ተሳፍራ አታውቅም። ሁሌ ስሙኒ ይጎድላታል። እኔ ከኪሴ እሞላለሁ። ዕዳው ሲበዛ አገባኋት።»

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት በሁለት ቀን ውስጥ አባዬ ሌላ ሰው ሆነ። የሌለ ሰው ያያል፣ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይጮሃል። በሽታው ገፋ ብለን ቁጭ አልን። ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ናት ተቆጥታ ሆስፒታል ያስወሰደችን። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱን ሲጨርስ ወደ ቲኬቱ ተመለሰ። አልዛይመር ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። በአንድ ሌሊት የመጣ ለውጥ ካያችሁ አትጠብቁ፣ ሐኪም ጋ ውሰዱ።

ይኸው አሁን ስልኬ ሦስተኛ ጊዜ ጠራ። ዛሬ ተረኛው ወንድሜ ነው። «ቲኬት የለህም ብሎ ሶፋው ላይ አላስቀምጥ አለኝ፣ ቆሜ ነው ያለሁት» ብሎ ጽፎልኛል። በሉ ልሂድ። ቲኬቶቹን በቦርሳዬ ይዤ ወጥቻለሁ።